የማይጨሰው ምድጃ

ልጄ፣ እናትህ ማክሰኞ ማታ ደውላ «ልጄ ማይክሮዌቭ ገዛ» አለችኝ። ድምጿ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ሥጋት ነበር። ደስታው ገባኝ፤ ወንደላጤ ልጅ ከሥራ ደክሞ ገብቶ የሞቀ ነገር ከቀመሰ እናት ታርፋለች። ሥጋቱም ገባኝ፤ እኔም አውቅሃለሁና። ሲመክሩህ አንገትህን ደፍተህ ትሰማለህ፣ እሺ ማለትም ታውቅበታለህ፤ እሺታህ ግን ከበር አያልፍም። ስለዚህ በቃል ከምነግርህ ጽፌ ብልክልህ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ፍሪጁ ላይ ለጥፈው።

እንደምታውቀው ከ30 ዓመት በላይ የሰው ካውያ፣ ምጣድና ራዲዮ ስጠግን ኖሬያለሁ። ማይክሮዌቭ ወደ ሱቄ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስንቱን እንደፈታሁ ቁጥሩን እንጃ። በራሱ ክፋት የተበላሸው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የባለቤቱን ችኮላ ይዞ ነው የሚመጣው። ከሰል ይጨሳል፣ ቡታጋዝ ይሸታል፣ ምጣድ ሲግል ፊትህን ይገርፍሃል። ሁሉም በየቋንቋቸው «እሳት ነኝ፣ ራቅ በል» ይሉሃል። ይህኛው አይጨስም፣ አይሸትም፤ ሲጨርስ እንደ ጨዋ ልጅ ጢን ብሎ ይጠራሃል። እሳት መሆኑን ማስታወስ ያንተ ሥራ ነው።

1. ስፒናውን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በቀር የትም አትሰካ። በቴሌግራም የላክህልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት፤ አንድ ነጭ ዲቫይደር ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የስልክ ቻርጀሩንና ማይክሮዌቩን ተሸክሞ ወለል ላይ ተኝቷል። የማይክሮዌቩን ጀርባ አዙረህ የተለጠፈውን አንብብ። 800 ዋት የሚለው ምግቡ የሚያገኘው ነው፤ ከግድግዳው የሚስበው ግን 1200 ዋት ገደማ ነው፤ በእኛ 220 ቮልት ከ5 አምፔር በላይ ማለት ነው። ርካሹን የገበያ ዲቫይደር ብትፈታው ሽቦው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ስፒናውን የሚይዘው ምላስ እንደ ቆርቆሮ ሳስቶ ታገኘዋለህ። ያ ምላስ ሲላላ ይግላል። ነጩ ፕላስቲክ መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይሸታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጎረቤት ነው የሚያወራው። እናትህ ቤት ስትሄድ ደግሞ ምጣዱ እየሠራ ማይክሮዌቭ አታስነሳ። ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ያ አሮጌ መስመር ሁለቱን አይችልም።

2. ዕቃው ለየትኛው አገር ኤሌክትሪክ እንደተሠራ ሳታውቅ አትሰካ። ያንተው ከዱባይ የመጣ ነው አሉኝ፤ መልካም፣ ኤሌክትሪካቸው ከእኛው ጋር ይስማማል። ስፒናው ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፣ የእኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ። ሰው ምን ያደርጋል? ከመንገድ ዳር ርካሽ አዳፕተር ገዝቶ ይገላገላል። ያ አዳፕተር ብዙውን ጊዜ ኧርዙን ይቆርጠዋል። ሦስተኛው ጥርስ ለጌጥ አልተሠራም፤ ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ቢነካ ኤሌክትሪኩ ባንተ በኩል ሳይሆን በእሱ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ ነው። የግድግዳህን ሶኬት ጎንና ጎን ተመልከት፤ ሁለት የብረት ምላሶች ካየህ ኧርዝ እንዲኖረው ታስቦ የተሠራ ነው። ካላየህ ንገረኝ።

የአክስትህ ልጅ ከዋሽንግተን «የኔን ልላክልህ» ካለህ ደግሞ አመስግነህ እምቢ በል። የአሜሪካው የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። እንዲሁ ብትሰካው ያን ጊዜውኑ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ገዝተህ ቮልቱን ብታወርድለት እንኳ ኸርዙን አትለውጥለትም፤ የእኛ 50 ነው። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለውን ማይክሮዌቭ «ሰዓቱ ያዘገያል» ብሎ አመጣልኝ። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ከመስመሩ ስለሆነ፣ 60 ሲጠብቅ 50 እያገኘ ነበር። ሰዓቱስ ይዘግይ፤ የውስጡ ትራንስፎርመርም በዚያው ምክንያት ከልኩ በላይ ይግል ኖሯል። ሽፋኑን ሳነሳ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ነው የተቀበለኝ።

3. መተንፈሻ ስጠው። ከኋላውና ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይሁን፤ ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም አይደፈኑ። ውስጡ ያለው ፋን የሚያስወጣው ትኩስ አየር መሄጃ ካጣ ዕቃው ራሱን ይቀቅላል። እናትህን አውቃታለሁ፤ ልትጠይቅህ በመጣች ቀን ዳንቴል ታለብሰዋለች። በሁለት እጅህ ተቀበላት፣ ስትሄድ አንሳው። ፍሪጅ ራስ ላይም አትስቀለው። የፈላ ነገር ከራሱ በላይ የሚያወርድ ሰው ፊቱን ሳህኑ ሥር አስቀምጧል።

4. መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀል። ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው፤ ሱቄ ከገቡት ውስጥ ሰሌዳቸው የተቃጠለው አብዛኞቹ በዚያች ቅጽበት የሞቱ ናቸው። መብራት ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ታግሰህ ሰካው።

5. ብረት ያለበትን ነገር አታስገባ። ድስትና ሹካ እንደማይገባ ሕፃንም ያውቃል፤ ሰው የሚረሳው ስኒውን ነው። የቡና ስኒዎቻችን ከንፈር ላይ የሚዞረው ወርቃማ መስመር ስስ የብረት ቅብ ነው። የቀዘቀዘች ሁለተኛ ቡና ላሙቅ ብለህ ብታስገባው መስመሩን ተከትሎ ትር ትር እያለ ሰማያዊ ብልጭታ ይሄዳል፤ ስኒውም ይጠቁራል፣ ከእናትህም ትጣላለህ። ምግቡን የሚያሞቀው ሞገድ ብረት ውስጥ አይገባም፤ ብረቱ ላይ ይሮጥና ሹል ወይም ቀጭን ቦታ ሲያገኝ ብልጭ ይላል። ፎይል፣ የዳቦ ፌስታል የሚታሰርበት ሽቦ፣ ስቴፕል የተመታበት የምግብ ካርቶን፣ ሁሉም ያው ናቸው። እናትህ ቤት እንዳለው ያለ የሸክላ ድስትም ውሃ የጠጣ ከሆነ ይሰነጠቃልና ተወው። ተራ የሴራሚክ ሳህንና የብርጭቆ ጎድጓዳ ይበቃሃል።

6. በፕላስቲክ አታሙቅ። በፌስታል የመጣ ሽሮ፣ በአይስክሬም ዕቃ የተቀመጠ ምስር፣ ከምግብ ቤት በነጩ ቀላል መያዣ የተላከ ምግብ፣ ሁሉንም ወደ ሳህን ገልብጥ። ፕላስቲክ ሲግል ከውስጡ የማይበላ ነገር ወደ ምግቡ ይለቃል፤ ዘይትና ቅቤ ያለበት ምግብ ደግሞ ከውሃ ይልቅ እጅግ ስለሚግል ላስቲኩን ያቀልጠዋል። ሥሩ ላይ ለማይክሮዌቭ እንደሚሆን የሚያሳይ ምልክት ያለበት ፕላስቲክም ቢሆን የሚነግርህ አልቀልጥም ማለቱን ነው። አንድ ሳህን ማጠብ ይህን ያህል አይከብድም፣ የኔ ልጅ።

7. ከዶሮ ወጥ ውስጥ እንቁላሉን ሳታወጣ አታሙቅ። ይህን የምነግርህ ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም። የፋሲካ ማግስት ነበር። ባለቤቴ ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ አንድ ቅልጥምና አንድ እንቁላል ከወጡ ጋር በሳህን አድርጌ ሁለት ደቂቃ አሞቅሁ። ማይክሮዌቩ ውስጥ ምንም አልሆነም። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ እንጀራዬን ቆርሼ እንቁላሉን ጫን ሳደርገው ፈነዳ። እንደ ጎማ ነው የጮኸው። ወጡ ደረቴ፣ መጋረጃው፣ መነጽሬ ላይ ተረጨ፤ መነጽር ባላደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍልህ ባንድ ዓይኔ ነበር። ጣሪያው ላይ ያለችውን የበርበሬ ጠብታ ባለቤቴ አስቀብታት አታውቅም፤ እንግዳ ሲመጣ በጣቷ ታሳያለች።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ አስኳሉ ውስጥ ለውስጥ ከነጩ ይልቅ ይግላል፣ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት መሆን ይፈልጋል፣ ጠንክሮ የተቀቀለው ነጭ ደግሞ እንደ ክዳን አፍኖ ይይዘዋል። ያ የታፈነ ነገር የሚጠብቀው አንድ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን የምትከፍትለት አንተ ነህ፣ ያውም ፊትህን አስግገህ። እንቁላሉን አውጣው፤ ለብቻው በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ይሞቃል። ድንች፣ ቲማቲም፣ ጉበት፣ ድፍን ቃሪያም ያው ናቸው፤ ልጣጫቸውን በሹካ ወጋ ወጋ አድርግ። ቃሪያ ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ ቤቱን ሁሉ ያስነጥሳል።

የእንቁላሉ ነገር እንግዳ እንዳይመስልህ፤ ከዕቃው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሬይቲዎን በሚባለው ኩባንያ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ሞገድ በሚያመነጨው ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠ ይባላል። ፈንዲሻ አምጥቶ ሞከረ፣ ፈካለት። ከዚያ እንቁላል ሞከሩ፤ ቀረብ ብሎ ሲመለከት የነበረ የሥራ ባልደረባ ፊት ላይ ፈነዳ። እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ቁመቱ እንደ ሰው፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ገደማ ነበር። ዛሬ ዕቃው አንሷል፤ እንቁላሉ ግን ያው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ በሁለት ደቂቃ ይበራል።

8. ውሃ ስታሞቅ የእንጨት ነገር አብረህ አስገባ፤ ስታወጣም አትቸኩል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ድስት ላይ ሲፈላ ታየዋለህ፣ ይንተከተካል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን ንጹሕና ለስላሳ ብርጭቆ ያለ ውሃ አንድ አረፋ ሳያወጣ የመፍያውን ልክ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ጸጥ ያለ ነው፤ ያልፈላ ይመስልሃል፤ ስኳር ወይም የቡና ዱቄት ጠብ ስታደርግበት ግን ግማሹ በአንድ ጊዜ ወደ እጅህና ወደ ፊትህ ይዘላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ንጹሕ የእንጨት ማማሰያ ወይም የሻይ ቅጠሉን ከነከረጢቱ (የብረት ማያያዣ ካለው አውልቀህ) ከመጀመሪያው ጨምርበት፤ አረፋው የሚነሳበት ቦታ ያገኛል። አንድ ብርጭቆ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ሲጨርስም አንድ ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ራቅ ብለህ አማስለውና አውጣው።

9. መሃል ላይ አቁመህ አማስል። ሞገዱ ከምግቡ ጠርዝ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚገባው፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ በራሱ እየተላለፈ መሄድ አለበት። ሳጥኑ ውስጥም ሞገዱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ አንዱ ቦታ ይፈላል፣ ከእሱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር የራቀው በረዶ ሆኖ ይቀራል። የሚሽከረከረው ሳህን የተሠራው ለዚህ ነው፤ አልሽከረከር ካለህ ጎማዎቹን አጽዳለት እንጂ እንዲሁ አትጠቀምበት። ሽሮ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ እንፋሎቱን ከሥሩ አምቆ ድንገት ይተፋዋል፤ በሰፊው ሳህን አድርገህ፣ ላላ አድርገህ ከድነህ፣ በየደቂቃው አማስለው። ከፍሪዘር የወጣ ወጥ ከሆነ በረዶ ማቅለጫው ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ጀምር። በረዶ ሞገዱን ብዙ አይቀበልም፣ የቀለጠው ውሃ ግን ይቀበላል፤ ስለዚህ ጠርዙ እየፈላ መሃሉ ድንጋይ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

10. «ሞቅ ብሏል» አይበቃም፤ መሃሉ ድረስ ሊግል ይገባል። ሥጋና ዶሮ እንደገና ሲሞቅ መሃሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር የለህም፤ እንግዲያው መሃሉ ላይ እንፋሎት እስኪታይ አሙቅና ሁለት ደቂቃ ከድነህ አስቀምጠው። ወጥ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ የምትበላውን ብቻ ቀንሰህ አሙቅ፤ ያንኑ ደጋግመህ አታሙቅ። ውጭ ያደረ ሩዝማ ጣለው፤ ተሕዋስያኑ ትተውት የሚሄዱት መርዝ በሙቀት አይጠፋም። ክትፎ ደግሞ በማይክሮዌቭ ለብለብ አይሆንም፤ ጠርዙ ይበስላል መሃሉ ጥሬ ይቀራል። የኮሶ ትል የሚኖረው እዚያ መሃል ነው።

እንጀራ እንደሆነ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አልብሰህ 20 ሰከንድ። ከዚያ ካለፈ ቆዳ ነው፤ ጫማ ሰፊ ካልሆነ ማንም አይጠቀምበትም።

11. የእህትህን ሕፃን ጡጦ በዚህ ዕቃ አታሙቅ። ስትመጣ «አጎቱ ያሙቅለት» ትልሃለች። ጡጦው ሲነካ ለብ ያለ ነው፤ መሃሉ ያለው ወተት ግን ጉሮሮ ይልጣል፤ ሕፃን ደግሞ አይናገርም። ጎድጓዳ ሳህን ሙቅ ውሃ ሙላና ጡጦውን ንከረው፤ አወዛውዘህ የእጅህ አንጓ ላይ ጠብ አድርገህ ሞክር። እናቱ ከፈለገች ትሳቅብህ።

12. ደረቅ ነገር አታድርቅበት፣ ባዶውንም አታስነሳው። ሞገዱ የሚፈልገው ውሃ ነው፤ ውሃ ያለቀበት ነገር ከውስጡ ጀምሮ ይከስላል። በአንድ ደጅ የነበረችን ጎረቤት አስታውሳለሁ፤ ዝናብ በዝቶባት ድርቆሿን በማይክሮዌቭ ላድርቅ ብላ አምስት ደቂቃ ሞላችና ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ስትመለስ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ጥቁር ጭስ ብቻ ነበር። የሻገተ ዳቦ፣ ጤናዳም፣ እርጥብ ካልሲ (አንተን አላምንህም)፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ፈንዲሻም ቢሆን ቆመህ ጠብቅ፤ የመፈንዳቱ ድምፅ ሁለት ሦስት ሰከንድ እየቆየ ሲመጣ አቁመው። ባዶ ከሆነ ደግሞ ሞገዱ መሄጃ አጥቶ ወደመጣበት ይመለስና ማግኔትሮኑን ያቃጥላል።

13. ውስጡ እሳት ካየህ በሩን አትክፈት። እጅህ ወደ በሩ ይሮጣል፤ መልሰው። በር የከፈተ ሰው ለእሳቱ አየር ሰጠው። አጥፋው፣ ስፒናውን ንቀል፤ ስፒናው ዘንድ መድረስ ካልቻልክ ከቆጣሪው ጋር ያለውን ማጥፊያ ዝቅ አድርግ። ተዘግቶ ከቆየ እሳቱ አየር አጥቶ ይሞታል። ውሃ አትድፋበት። ከሳጥኑ ከወጣ ግን ዕቃ አትሰብስብ፤ ጎረቤት እየቀሰቀስክ ውጣና 939 ደውል።

14. ጨረሩን አትፍራ፤ በሩን ግን አክብር። እናትህ «ካንሰር ያመጣበታል አሉ» ብላ ስትጨነቅ ነበር። ጨረር የሚለው ቃል ከኤክስሬይ ጋር ስላዛመደው ነው እንጂ የዚህ ዕቃ ሞገድ ዘመዶቹ የራዲዮና የዋይፋይ ሞገዶች ናቸው። 2450 ሜጋኸርዝ ነው፤ ምግብ ያሞቃል እንጂ ምግብን ጨረር ያለበት አያደርግም። በሩ ሲከፈት ይቆማል፤ አምፖል ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ የሚቀር ብርሃን የለም አይደል? የሞገዱ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ የምታየው ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ብረት አያሳልፈውም። አሜሪካኖች እንዲያፈተልክ የሚፈቅዱት ሞገድ ዕቃው እስኪያረጅ ድረስ 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በካሬ ሳንቲ ሜትር 5 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ ራቅ ባልክ ቁጥር ደግሞ በፍጥነት ይቀንሳል። ምግብ ስታሞቅ ዋይፋይህ ቢቆራረጥ አትደንግጥ፤ ሁለቱ በአንድ መንደር ስለሚኖሩ ነው።

የምትጠነቀቀው በሩን ነው። ክፍት ሆኖ ዕቃ አይደገፍበት፣ ልጅ አይንጠልጠልበት፣ በኃይል አይላተም። ማጠፊያው ከላላ፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀ፣ ጠርዙ ከዛገ፣ ወይም ተከፍቶ መሥራት ካላቆመ ያን ቀኑኑ ንቀለው። ጠርዙ ላይ ወጥ ደርቆ ሲጋገር በሩ በደንብ አይገጥምም፤ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ጥረገው። የድስት ሽቦ አትጠቀም፤ የሚበጠሰው ቅንጣት ውስጥ ይቀርና ነገ ብልጭ ይልብሃል። የጠነከረውን ለማስለቀቅ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ከእንጨት ማማሰያ ጋር ሦስት ደቂቃ አሙቅና በሩን ሳትከፍት አምስት ደቂቃ አቆየው፤ እንፋሎቱ ሥራውን ይጨርሳል። ውስጥ ከጎኑ ያለችውን ካርቶን የመሰለች ሽፋን ቆሻሻ መስላህ እንዳትነቅላት፤ ሞገዱ የሚገባባትን በር የምትጠብቅ እሷ ናት።

15. ከተቃጠልክ ውሃ እንጂ ሌላ ነገር አታድርግበት። ቀለበትና ሰዓት ወዲያው አውልቅ፣ ሲያብጥ አይወጣልህም። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧው ከሌለ ከጀሪካኑ በጣሳ እየቀዳህ አፍስስበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ አይነካው፤ ሙቀቱን ቆዳህ ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዙታል። ፊት ከሆነ፣ ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ውሃ የቋጠረው ከመዳፍህ ከሰፋ ሐኪም ቤት ሂድ።

16. የውጭ ሽፋኑን አትፍታ። አንተ ስልክህን ራስህ የምትፈታ ልጅ ነህ፤ ይሄ ስልክ አይደለም። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ከ220 ተነስቶ ከ2000 ቮልት በላይ ያወጣል፤ ኮንደንሰሩም ያን ኃይል ስፒናው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን ከነቀልኩት ብዙ የቆየ መስሎኝ ካቻቢቴዬን ሰድጄ ነበር። ጧ አለ፤ ካቻቢቴው ከእጄ ወጥቶ ግድግዳ ላይ አረፈ። ጫፉ እንደ ሰም ቀልጧል። እጀታው ፕላስቲክ ባይሆን ኖሮ የኔ ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። ያ ካቻቢቴ አሁንም ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስጨብጠው እሱን ነው። አምፖሉ እንኳ ቢቃጠል አትንካው፤ በጨለማ ይሽከረከር።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ኧርዝ ያለውን ስፒና እኔው ገዝቼ እቀይርልሃለሁ፤ ቡና አንተ ታፈላለህ፣ በጀበና። እስከዚያ ማይክሮዌቩ ተነቅሎ ይቆይ፤ ያን ነጭ ዲቫይደርም ወለሉ ላይ እንዳላገኘው።